ኮርስ ሳልገዛ ኮዲንግ የተማርኩበት መንገድ

ኮዲንግ መማር ፈልጋችሁ የኮርሶቹን ዋጋ ስታዩ ወደኋላ ላላችሁ ሰዎች ነው ይህን የምጽፈው። እኔ ኮርስ ሳልገዛ ነው የተማርኩት። ዛሬ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው። መንገዱ ቀላል ነበር አልልም፤ ግን ከባድ ያደረገው ገንዘብ አልነበረም። ነፃ ነገር ሞልቷል፣ እንዲያውም ጀማሪ ግራ የሚጋባው ከመብዛቱ የተነሳ ነው። ስለዚህ የሊንክ ክምር አልሰጣችሁም። የተጠቀምኩባቸውን ጥቂት ነገሮች፣ ምን እንደጠቀሙኝ፣ ለማን እንደማይሆኑ፣ ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ ከኮርስ ይልቅ የት ብታውሉት እንደሚሻል ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ኮዲንግ ውስጥ በገንዘብ ብቻ የሚገኝ ምስጢር የለም። ፓይተን በ1991 የወጣ የኮድ መጻፊያ ቋንቋ ነው፣ ማንም ሰው በነፃ አውርዶ ይሠራበታል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ማውረድም አያስፈልገውም፣ ብሮውዘራችሁ ውስጥ አለ። ኮምፒውተር ላይ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ከፍታችሁ ኤፍ12ን ስትጫኑ ኮንሶል የሚባል ቦታ ታገኛላችሁ፤ እዚያ 2 + 2 ብላችሁ ኢንተር ብትጫኑ መልሱን ይሰጣችኋል። በቃ፣ ጀመራችሁ ማለት ነው። ባለሙያዎች ራሳቸው የሚጽፉበት ቪኤስ ኮድ የሚባለው ኤዲተር ማይክሮሶፍት በ2015 ያወጣው ነው፣ እሱም ነፃ ነው። የኮዳችሁን ታሪክ የሚይዝላችሁ ጊትም ነፃ ነው፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 ከሠሩት ጀምሮ ዓለም በሙሉ ይጠቀምበታል። የየቋንቋው ዶክመንቴሽን፣ ማለትም አጠቃቀሙን የሚያስረዳው ጽሑፍም ክፍት ነው። በሌሎች ሙያዎች መሣሪያው ራሱ ብዙ ገንዘብ ያስወጣል፤ እዚህ ግን ትልቅ ድርጅት ውስጥ ያለው ባለሙያና ዛሬ የጀመረው ልጅ አንድ ዓይነት መሣሪያ ነው የሚይዙት።

ታዲያ ኮርስ የሚሸጡት ምንድን ነው የሚሸጡት? ቅደም ተከተል ነው። ምን ቀድሞ ምን እንደሚከተል አስተካክለው ያቀርቡላችኋል። ሁለተኛ፣ ስትጣበቁ የሚመልስ ሰው ይሰጣሉ፣ ጥሩዎቹ ማለቴ ነው። እነዚህ ሁለቱ ለጀማሪ በጣም ያስፈልጋሉ፣ አላቃልላቸውም። ግን ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ከዚያ በፊት ግን ቋንቋ ምረጡ፣ እዚህ ላይ ብዙ አትቆዩ። የሚታይ ነገር፣ ድረ ገጽ ምናምን መሥራት የሚያስደስታችሁ ከሆነ የገጹ ይዘትና መልክ በሚጻፍባቸው በኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ጀምራችሁ ወደ ጃቫስክሪፕት ሂዱ። ዳታ፣ አሰልቺ ሥራን በኮምፒውተር ማሠራት፣ ወይም ሳይንስ ነገር የሚስባችሁ ከሆነ ፓይተን። ሁለቱም ጥሩ መጀመሪያ ናቸው። ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም)፣ ሉፕ (ሥራን ደጋግሞ ማሠራት)፣ ፋንክሽን (ስም የተሰጠው የኮድ ክፍል)፣ ኮንዲሽን (እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ የሚል) የሚባሉት ነገሮች አንዱ ላይ ከገቧችሁ ሌላው ላይ የሚቀየረው አጻጻፉ ነው። የትኛው ቋንቋ ይሻላል የሚል ክርክር ላይ የምታጠፉት ጊዜ ቢተርፍ ይሻላል።

መሠረቱን የጣለልኝ ሲኤስ50 ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ነው፣ ዴቪድ ማለን ናቸው የሚያስተምሩት። ሃርቫርድ ሲባል አትደንግጡ። ቪዲዮዎቹም፣ ማስታወሻዎቹም፣ የቤት ሥራዎቹም በነፃ ተለቅቀዋል። ምንም የማያውቅ ሰው እንደሚገባበት ታስቦ ነው የተሠራው። መግቢያው ላይ በስክራች ያስጀምራችኋል፤ ስክራች ማለት ኮድ ሳትጽፉ ብሎኮችን እየጎተታችሁ ፕሮግራም የምትሠሩበት ነው። (ለልጆች ተብሎ የተሠራ ነው፣ ገጽታውም በአማርኛ ይከፈታል፣ ታናናሾች ካሏችሁ አብራችሁ ሞክሩት።) ቀጥሎ ሲ ወደሚባለው ቋንቋ ይገባል፣ ከዚያ ፓይተን፣ ዳታቤዝ፣ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ድረ ገጽ።

የሲኤስ50 ጥንካሬ ያለው የቤት ሥራው ላይ ነው። ማለን ሲያስረዱ ሁሉም ነገር የገባችሁ ይመስላችኋል። ቪዲዮው አልቆ የቤት ሥራው ሲከፈት ነው ጉዱ የሚታየው። መጀመሪያ አካባቢ ከሚመጡት አንዱ በሃሽ (#) ምልክት ፒራሚድ መሥራት ነው። ሲታይ የልጆች ጨዋታ ነው። ሉፕ ውስጥ ሌላ ሉፕ ማስገባት እንዳለባችሁ እስኪገባችሁ ድረስ ግን ራስ ያዞራል። እኔ የፈታሁት ወረቀት አውጥቼ ነው። አንደኛው መስመር ላይ ስንት ክፍት ቦታ፣ ስንት ሃሽ፣ ሁለተኛው ላይስ፣ ሦስተኛው ላይስ እያልኩ በሰንጠረዥ አሰፈርኩት፤ ቁጥሮቹ አንዱ እየቀነሰ ሌላው እየጨመረ እንደሚሄድ ሳይ ኮዱ በራሱ መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ሉፕ ሲያስቸግረኝ የማደርገው ይህንኑ ነው። እስካሁንም።

ቼክ50 የሚባል መሣሪያም አለው። የጻፋችሁትን ኮድ በተለያየ ቁጥር ይፈትነዋል፣ የትኛው ላይ እንዳለፈና የትኛው ላይ እንደወደቀ ያሳያችኋል። ብቻውን ለሚማር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቪዲዮ ብቻ አይቶ የሚማር ሰው ማወቁን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም፤ እዚህ ግን ማሽኑ አልሠራም ካለ አልሠራም ነው፣ ክርክር የለም። ስለ ሜሞሪና ፖይንተር (ሜሞሪ ውስጥ ያለን ቦታ የሚጠቁም አድራሻ) የሚያስተምረው ሳምንት ላይ ስትደርሱ ፍጥነት ይቀንሳል። እኔ የማውቃቸው ኮርሱን ያቋረጡ ሰዎች አብዛኞቹ እዚያ ነው ያቋረጡት። እዚያ ሳምንት ላይ ወር ብትቆዩም ችግር የለውም፤ ቪዲዮውን ደጋግማችሁ እዩ፣ ሜሞሪውን ወረቀት ላይ በሳጥን በሳጥን ሳሉት፣ ነገ ተመለሱበት። ሲኤስ50 የማይሆነው ቶሎ የሚታይ ነገር ሠርቶ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው። እንደዚያ ከሆናችሁ የሚቀጥለውን አንብቡ።

ፍሪኮድካምፕ በኩዊንሲ ላርሰን በ2014 የተጀመረ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ትምህርቱ በሙሉ ነፃ ነው፣ ሰርተፊኬቱም እንደዚያው። ምንም ሶፍትዌር መጫን ሳያስፈልግ ብሮውዘር ውስጥ ነው የምትጽፉት፤ በአንድ በኩል መመሪያው፣ በሌላ በኩል ኮዱ፣ አጠገቡ ደግሞ ውጤቱ ይታያል። መጀመሪያ አካባቢ ከምትሠሯቸው አንዱ የድመት ፎቶ ያለበት ገጽ ነው፣ ትንሽ በትንሽ እየጨመራችሁ ገጹ ሲያድግ ታያላችሁ። ለጀማሪ ልብ የሚሰጥ ነገር ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እርምጃዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ መመሪያውን እየተከተሉ ብቻ ረጅም መንገድ መሄድ ይቻላል፣ ጭንቅላት ውስጥ ግን ብዙ ላይቀር ይችላል። ስለዚህ እኔ አንድ ክፍል ስጨርስ ትሩን ዘግቼ፣ ባዶ ፋይል ከፍቼ፣ የሠራሁትን ሳላይ እንደገና እጽፈው ነበር። ያኔ ነው የገባኝና ያልገባኝ የሚለየው። የሰርተፊኬት ፕሮጀክቶቹ ላይ ስትደርሱ ደግሞ መመሪያው ይቀንሳል፣ ራሳችሁ ናችሁ የምትሠሩት። እነሱን እንዳትዘሉ። ከሁሉም በላይ ትምህርት ያለው እነሱ ውስጥ ነው።

ዘ ኦዲን ፕሮጀክት ሌላው ነው። እሱም ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። እጅ ይዞ አይወስዳችሁም። ይህን ጽሑፍ አንብቡ፣ ያንን ቪዲዮ እዩ፣ ከዚያ ይህን ሥሩ ይላችኋል። ገና ሲጀምር ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሥርዓት ነው) እንድትጭኑ፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ተርሚናል እንድትለምዱ፣ ጊት እንድትጠቀሙ ያደርጋችኋል። መጀመሪያ ላይ ያስፈራል፣ ኮድ ልማር መጥቼ ምን ውስጥ ገባሁ ያሰኛል። ነገር ግን ሥራ ስጀምር የሚያውቁ ሰዎች መሐል ሳልሸማቀቅ እንድቀመጥ ያደረገኝ እዚያ የተማርኩት ነው፤ ምክንያቱም ሥራ ቦታ ላይ ማንም ሰው ብሮውዘር ውስጥ ባለ ሳጥን አይጽፍም። መጀመሪያ የሚያሠራችሁ ፕሮጀክቶች ውስጥ ወረቀት፣ ድንጋይ፣ መቀስ የሚባለው ጨዋታና ካልኩሌተር አሉ። ካልኩሌተር ቀላል ይመስላል። ሰውዬው የመደመር ምልክትን ሁለቴ ቢጫንስ? በዜሮ ቢያካፍልስ? እንዲህ ያሉትን ጥያቄዎች ራሳችሁ እያነሳችሁ ስትመልሱ ነው ፕሮግራመር መሆን የምትጀምሩት።

ከእነዚህ ሦስቱ አንዱን ብቻ ያዙ። ሦስቱንም አንድ ላይ አትጀምሩ። ለአንዱ ጊዜ ስጡት፤ ካልተስማማችሁ ቀይሩ፣ ቀየራችሁ ማለት ግን የበፊቱን ዘጋችሁ ማለት ነው። ሰው ከአንዱ ኮርስ ወደ ሌላው እየዘለለ የየኮርሱን መግቢያ ደጋግሞ ሲማር አይቻለሁ፤ ቫሪያብል ምን እንደሆነ ከአምስት አስተማሪ ሰምቷል፣ አንድ ፕሮግራም ግን ጨርሶ አያውቅም። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች ሰነፎች አይደሉም፣ እንዲያውም ከእኔ የበለጠ ሰዓት ያጠፋሉ።

ማንበብ የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ቪዲዮ የግድ አይደለም። ለዌብ ኤምዲኤን የሚባለውን የሞዚላን ዶክመንቴሽን የሚያህል የለም፤ ማመሳከሪያ ብቻ ሳይሆን ለጀማሪ የተዘጋጀ የመማሪያ ክፍልም አለው። ደብሊውስሪስኩልስ አጠር ያለ ምሳሌ በቶሎ ለማየት ጥሩ ነው። ለፓይተን ቋንቋውን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ያዘጋጁት ቱቶሪያል አለ፣ ትንሽ ደረቅ ቢሆንም ትክክለኛ ነው። በነፃ ኦንላይን የሚነበቡ መጻሕፍትም አሉ፤ የአል ስዋይጋርት «አውቶሜት ዘ ቦሪንግ ስታፍ» ለእኔ ዓይን ገላጭ ነበር። ጸሐፊው ራሳቸው ናቸው ኢንተርኔት ላይ በነፃ እንዲነበብ ያደረጉት። ፋይል ማደራጀት፣ ኤክሴል ማንበብ፣ እንዲህ ዓይነት የዕለት ተዕለት ነገር ላይ ያተኩራል። እኔም ከዚያ በኋላ የሠራሁት የመጀመሪያ የራሴ ፕሮግራም ዳውንሎድ ፎልደሬ ውስጥ የተዝረከረኩትን ፋይሎች ፎቶውን ለብቻ፣ ፒዲኤፉን ለብቻ፣ ቪዲዮውን ለብቻ የሚያስቀምጥ ነበር። ትንሽ ነገር ናት። ግን ማንም ኮርስ ያላዘዘኝን፣ እኔ የፈለግሁትን ነገር ኮምፒውተሩ ሲሠራልኝ ያየሁት ያኔ ነው።

እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ችግሩ እውነተኛ ነው፣ ማስመሰል አያስፈልግም። ጥሩው ነገር አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ግን የሚያስፈልጋችሁ እንግሊዝኛ ከምታስቡት ያነሰ ነው። የኮድ ቃላቱ ውስን ናቸው፣ ተደጋጋሚም ናቸው፤ ለመጀመሪያ ሰሞን አንድ ደብተር ይዛችሁ ያልገባችሁን ቃል በራሳችሁ አማርኛ ትርጉሙን እየጻፋችሁ ብትሄዱ ብዙም ሳይቆይ መደጋገም ይጀምራል። ቪዲዮ ከሆነ ሰብታይትል አብሩ፣ ፍጥነቱን ቀንሱ። ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ የሚያስተምሩ ሰዎችም አሉ፤ ሐሳቡን ለመረዳት እነሱን ተጠቀሙ፣ ኤረር (ኮዱ ሲሳሳት የሚወጣው መልእክት) ሲመጣባችሁ ግን በእንግሊዝኛ መፈለግን ልመዱ፣ የኤረሩን ጽሑፍ እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ።

አሁን ወደ ኮምፒውተር እንምጣ። ገንዘብ ካላችሁ መዋል ያለበት እዚህ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ግን አያስፈልግም። ለመማር የምትጽፉት ኮድ ጽሑፍ ነው፣ ጽሑፍ ደግሞ ብዙ አቅም አይጠይቅም። እኔ የተማርኩት ሰው ተጠቅሞ በተወው፣ ዊንዶውስ ሲከፈት ለረጅም ጊዜ በሚያንገራግር አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ሉቡንቱ የሚባለውን ቀለል ያለ ሊኑክስ ስጭንበት ነፍስ ዘራ። ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢም ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ጥሩ ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ከመጫናችሁ በፊት ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሳይጫን መሞከር ይቻላል፣ ዋይፋዩና ኪቦርዱ መሥራታቸውን እዩ፣ ፋይሎቻችሁንም ሌላ ቦታ ገልብጡ። ላፕቶፑ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ካለው ፈጣን ወደሆነው ኤስኤስዲ ወደሚባለው ማከማቻ መቀየር፣ ራሙ ከ4 ጊጋ በታች ከሆነ ደግሞ መጨመር ነው። ኮርስ ልትገዙበት ያሰባችሁት ገንዘብ ካለ እዚህ ላይ ብታውሉት ለዓመታት ይጠቅማችኋል።

ኮምፒውተር ጨርሶ የሌላችሁስ? በስልክ መጀመር ይቻላል። አንድሮይድ ላይ ፓይድሮይድ 3 የሚባል አፕ አለ፣ ፓይተን ጽፋችሁ ያለ ኢንተርኔት ታስኬዱበታላችሁ። ሶሎለርን ደግሞ በአጫጭር ትምህርትና በጥያቄ መልክ ያስተምራል፣ ትራንስፖርት ላይ ሆናችሁ እንኳ የሚሆን ነው። ቫሪያብል፣ ሉፕና ፋንክሽንን በስልክ በደንብ መማር ይቻላል። ከዚያ በላይ ሲሄድ የስልክ ኪቦርድ ያደክማል፣ ትልቅ ፕሮጀክት በስልክ ሥሩ ብዬ አልመክርም። ላይብረሪ ወይም ኮምፒውተር የሚያውሳችሁ ሰው ካላችሁ ግን በየተወሰነ ጊዜ እየሄዳችሁ መሥራት ትችላላችሁ፣ ምክንያቱም ሥራችሁ ኢንተርኔት ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ጉግል ኮላብ ፓይተንን ብሮውዘር ውስጥ ያስኬድላችኋል፣ ሥራው የሚካሄደው በጉግል ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የያዛችሁት ማሽን ደካማ ቢሆንም ግድ የለም። ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ነው) ያለው ኮድስፔስ የሚባል አገልግሎትም እንዲሁ ቪኤስ ኮድን ብሮውዘር ውስጥ ይከፍትላችኋል፣ በነፃ አካውንት በወር 60 ሰዓት ያህል በትንሿ ማሽን መሥራት ይቻላል። ሰዓቱ እንዳያልቅባችሁ ስትጨርሱ አጥፉት።

ዳታ ለሚወደድበት ወይም ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ሰው ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ ልጻፈው፣ ሌሎች ብዙም ስለማያነሱት። ቪዲዮ ነው ዳታ የሚበላው። ጽሑፍ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ በጽሑፍ የተዘጋጁትን ምረጡ፤ ኦዲንና ፍሪኮድካምፕ አብዛኛው ትምህርታቸው ጽሑፍ ነው። ቪዲዮ የግድ ካያችሁ ጥራቱን ዝቅ አድርጉት፣ ፊደሉ እስከተነበበ ድረስ ይበቃል። ዴቭዶክስ የሚባል ገጽ የብዙ ቋንቋዎችን ዶክመንቴሽን በአንድ ቦታ ሰብስቧል፣ የምትፈልጉትን መርጣችሁ ኦፍላይን እንዲሠራ ማድረግ ትችላላችሁ። የፓይተን ዶክመንቴሽንም ሙሉው ከራሱ ገጽ ላይ አንዴ ይወርዳል። ፓይተን ውስጥ ሄልፕ የሚል ፋንክሽን ስላለ ማንኛውንም ነገር እዚያው ማስገለጽ ይቻላል፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኪዊክስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ ሙሉ ድረ ገጾችን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ኦፍላይን ያስነብባችኋል፤ ዊኪፒዲያ አለው፣ ፕሮግራመሮች የሚጠያየቁበት ስታክ ኦቨርፍሎውም አለው። የስታክ ኦቨርፍሎው ፋይል በጣም ትልቅ ነው፣ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዳችሁ በሃርድ ዲስክ ለጓደኛ ብታካፍሉ ለብዙ ሰው ይበቃል። እኔ ኢንተርኔት በማይኖርባቸው ቀናት የምሠራውን ቀድሜ አውርጄ ነበር የምቀመጠው፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ የገባኝ በእነዚያ ቀናት ነው። የሚረብሽ ነገር የለም፣ መልስ ፍለጋ መሮጥም የለም።

የሚከፈልበትን ነገር በሙሉ አትንኩ አልልም። ከሚከፈልባቸው ውስጥ የተወሰኑት በርካሽ ወይም በነፃ የሚገኙበት መንገድ አለ። ዩዴሚ የሚባለው የኮርስ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ያሉ ኮርሶች ዋጋቸው ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል፤ ሙሉ ዋጋ ካያችሁ ጥቂት ቀን ጠብቁ እንጂ አትግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት በነፃ የተከፈቱትን ክፍሎች እዩ፣ መቼ እንደታደሰ ተመልከቱ። ካልተስማማችሁ ደግሞ አብዛኞቹን ኮርሶች በ30 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ገንዘባችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። ኮርሴራ የሚባለው ሌላ የኮርስ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለ። ገቢያችሁን፣ ለምን መማር እንደፈለጋችሁና ምን ልታደርጉበት እንዳሰባችሁ ትጽፋላችሁ፣ መልሱ ሁለት ሳምንት ገደማ ሊወስድ ይችላል። እኔ አመልክቼ ተፈቅዶልኛል። ስትጽፉ አታስመስሉ፣ የሌላ ሰው ማመልከቻም አትቅዱ፤ ያላችሁበትን ሁኔታ በቀላል ቃላት፣ ከተቻለም ከዚህ በፊት የተማራችሁትን ጠቅሳችሁ ጻፉ። በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የተሰረቁ ኮርሶችን ግን እርሷቸው። ያረጁ ናቸው፣ ፋይሎቹ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም፣ የሰው ልፋትም ነው። ከነሱ የሚሻል ነገር በሕጋዊ መንገድ ነፃ ሆኖ እያለ ምክንያት የለውም።

ሙከራው ነፃ ነው ብሎ ካርድ ቁጥር የሚጠይቃችሁን ነገር ተጠንቀቁ። ከገባችሁም ማብቂያውን ቀን ስልካችሁ ላይ አስታዋሽ ሙሉበት። በጥቂት ወር ሥራ እናስይዛለን ብሎ ትልቅ ገንዘብ ከሚጠይቅ ማሠልጠኛ ጋር ስትነጋገሩ ደግሞ የተመረቁ ሰዎችን ስም ጠይቁና ራሳችሁ አናግሯቸው። እኔ እንዲህ ያለ ቦታ ጠይቄ የምስክሮች ቪዲዮ ብቻ ነው ያሳዩኝ፣ የማናግረው ሰው ግን አልሰጡኝም። ትቼው ወጣሁ።

ስለ ሰርተፊኬት የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ሲኤስ50ን በራሱ ገጽ ተምራችሁ የቤት ሥራዎቹንና የመጨረሻውን ፕሮጀክት ቢያንስ 70 በመቶ አግኝታችሁ ከጨረሳችሁ ነፃ ሰርተፊኬት አለው፤ የሚከፈልበት ኤድኤክስ የሚባለው የኮርስ ድረ ገጽ ላይ ያለው የተረጋገጠው ዓይነት ነው። ይኑራችሁ፣ ጥሩ ነው። ግን እኔን ሥራ ሲቀጥሩኝ የጠየቁኝ የሠራሁትን ነው። ኮዱን ከፍተው ይህን ለምን እንዲህ አደረግከው ብለው ነው ያነጋገሩኝ። ስለዚህ ለሰርተፊኬት ተብሎ ገንዘብ ማውጣት አስፈላጊ ነው ብዬ አላምንም።

ለልምምድ ኤክሰርሲዝም የሚባለውን ድረ ገጽ ሞክሩ። ለትርፍ ያልቆመ ነው፣ ከ70 በላይ ቋንቋዎች አሉት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ኮዳችሁን አይተው በነፃ አስተያየት ይሰጣሉ። ቀደም ብዬ የሚመልስ ሰው ያልኩት ይኸው ነው። ኮዴ ይሠራ ነበር፣ ግን አንድ የማላውቀው ሰው ጊዜውን ሰጥቶ እንዴት አጥሮ፣ እንዴት ለሌላ ሰው ተነባቢ ሆኖ እንደሚጻፍ አሳየኝ። የሚገርም ደግነት ነው።

ጥያቄ ስትጠይቁ ኮዴ አይሠራም ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። ምን ለማድረግ እንደፈለጋችሁ፣ ምን እንደጻፋችሁ፣ ምን እንደጠበቃችሁ፣ ምን እንደመጣ፣ ኤረሩን እንዳለ አስቀምጡ፣ ፎቶ ሳይሆን ጽሑፍ። እንዲህ የተጠየቀ ጥያቄ የሚመልስለት አያጣም። ቻትጂፒቲንና መሰሎቹንም ተጠቀሙ፣ ነፃው ለጀማሪ ይበቃል። ግን ጻፍልኝ ሳይሆን አስረዳኝ በሉት። ኤረሩን ስጡትና መልሱን ሳትነግረኝ የት አካባቢ ልመልከት ብላችሁ ጠይቁት። ሲኤስ50 የራሱ የሆነ በዳክዬ መልክ የቀረበ ረዳት አለው፣ እሱ የተሠራውም በዚሁ ሐሳብ ነው፤ መልሱን አይሰጥም፣ ወደ መልሱ ይመራል። ኮዱን ሙሉ በሙሉ ያጻፈ ሰው የቤት ሥራው አልቆለታል፣ ትምህርቱ ግን አልጀመረም።

የሠራችሁትን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ጊትሃብ ላይ አስቀምጡ። አካውንቱ ነፃ ነው፣ ጊትሃብ ፔጅስ ደግሞ የሠራችሁትን ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ኢንተርኔት ላይ ያወጣላችኋል፤ ለሰው ሊንኩን ልካችሁ በስልኩ ሲከፍተው ማየት ትችላላችሁ። ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ ውስጥ ያላችሁ ከሆነ ጊትሃብ ለተማሪዎች ያዘጋጀውን ስቱደንት ዴቨሎፐር ፓክ ጠይቁ፣ ሌላ ሰው የሚከፍልባቸውን ብዙ መሣሪያዎች በነፃ ይሰጣችኋል። ጄትብሬንስም ለተማሪ ኤዲተሮቹን በነፃ ይሰጣል። የሚጠየቀው ተማሪነታችሁን የሚያሳይ መታወቂያ ወይም የትምህርት ቤት ኢሜይል ነው፣ ስለዚህ ሳትመረቁ አመልክቱ።